ስለ ዝቬሊ ጽቃሮ ጣቢያ ግድግዳና ከኋላው ስላለው ውሃ

ለተከበሩ የጣቢያዎች ማስዋቢያ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ትቢሊሲ

ክቡር ሆይ፣ ከነመላው ቤተሰብዎና ከነመላው ኮሚቴዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከምድር በታች እስካልወረድኩ ድረስ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስሜ ናዚብሮላ ጉርጌኒዜ ነው፤ ሰባ አራት ዓመት ሞልቶኛል። በዝቬሊ ጽቃሮ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በትንንሽ ድንጋዮች የተሣለውን የሞዛይኩን ግድግዳ ከሠራነው ስድስት ሰዎች በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ንድፉ የባለቤቴ የነፍስ ኄር ባድሪ ነበር፤ እኔ ድንጋይ ፈላጭ ነበርኩ። በሥዕሉ ላይ ምንጭ ዳር የቆሙትን የዘጠኙን አጋዘኖች ዓይን የቆረጥኩት በእነዚህ እጆቼ ነው። የጣቢያው ስም «አሮጌ ምንጭ» ማለት መሆኑን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ሲቆፈር ምንጩ አልደፈን ብሎ መሐንዲሶቹን ስላስቸገረ ከግድግዳው ጀርባ ቦይ ተሠራለት፤ ደለሉ በዓመት ሁለቴ እንዲጠረግም ከመጨረሻው አጋዘን ሰኮና ሥር የብረት መዝጊያ ተተወ።

ምስጋናዬን በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ባለፈው መስከረም ግድግዳውን ከነመዝጊያው በሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ሰሌዳ ስላስሸፈኑልን፣ በሰሌዳውም ላይ የዚያኑ ግድግዳ ፎቶግራፍ ስላሳተሙልን እናመሰግናለን። ድንጋዩን ከማየት የድንጋዩን ፎቶ ማየት እንደሚሻል እኛ አላዋቂዎቹ አልገባንም ነበር።

ሁለተኛ፤ «መዝጊያው ካልተከፈተ ውሃው ይታቆራል» እያልኩ ሦስት ማመልከቻ ጽፌ ለሦስተኛው «ሥነ ጥበባዊ አስተያየትዎን በደስታ ተቀብለናል» የሚል መልስ ስለሰጡኝ፣ ደስታዎን ከልብ እካፈላለሁ።

ሦስተኛ፤ መጋቢት አሥራ አንድ ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስለሆነው ነገር ነው። ይህን እንኳ በወግ በወጉ መጻፍ አልችልም።

ባቡር ስጠብቅ ሰሌዳውን ተደግፌ ነበር። ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። ዞር ብዬ በመዳፌ ብዳስሰው ላብ አውጥቷል። ከተንቀሳቃሹ ደረጃ ግርጌ ባለችው የመስታወት ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ዱዱኻና አይታኝ ወጣች።

«ምነው እትዬ፣ ፊትዎ አመድ መሰለሳ?»

«ነይ፣ ጆሮሽን እዚህ ላይ ጣል አድርጊ።»

ጣል አደረገች፤ ወዲያው ደግሞ ብድግ አለች። «ውይ በሞትኩት! የሆነ ነገር ይተነፍሳል እኮ!»

ለኮሚቴዎ ተረኛ ደወለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። «ሰሌዳው ዋስትና አለው፤ ማንም እንዳይነካው» አላት።

«ጌታዬ፣ እያበጠ ነው እያልኩዎት!»

«ከተነካ ዋስትናው ይሰረዛል!»

«የእኛስ ዋስትና?» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ባቡሮቹን አስቆመች፤ የሚወርደውን ደረጃ ገልብጣ ሁለቱንም ወደ ላይ አስኬደችና በድምፅ ማጉያው «ወገኖቼ፣ ሳትጋፉ ውጡ! ግን ውጡ!» አለች። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው «ዛሬ ደግሞ ምን አማራችሁ?» እያለ ሲያላግጥ ውሃው በሰሌዳው ስንጥቅ ፊጭ ብሎ ጫማው ላይ አረፈ፤ ከሁሉም ቀድሞ የወጣው እሱ ነው።

ክቡርነትዎ፣ በጀግንነት የቀረሁ እንዳይመስልዎ። መሮጥ አቃተኝ። ዱዱኻና የእሳት አደጋውን መጥረቢያ ይዛ «እትዬ፣ መዝጊያው የቱ ጋ ነው?» ስትለኝ በጣቴ አሳየኋት። የመጀመሪያው ምት ሳተ፤ ሁለተኛውም። በሦስተኛው ሰሌዳው ተሰነጠቀ። መዝጊያው ዝጎ ስለነበር፣ ውሃው ግድግዳውን ሳይንድ በዚያ እንዲወጣ በመጥረቢያው እጀታ ፈለቀቀችው። ከዚያ መብራቱ ጠፋ።

ውሃው ከጉልበቴ በላይ መታኝ። በረዶ ነው። ቀሚሷን ጨብጬ እናቴን ጠራሁ፤ በሰባ አራት ዓመቴ፣ እናቴን። በጨለማው የአጋዘኖቼ ድንጋዮች አንድ በአንድ ውሃው ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲሉ እሰማለሁ፤ ግድግዳው አሁን ተጫነን፣ አሁን ተጫነን እላለሁ። ዱዱኻናም ጥርሷ እየተንገጫገጨ «አለሁ እትዬ፣ አለሁ» ትለኛለች። ለእኔ ትበለው ለራሷ አላውቅም። ቀስ በቀስ ጩኸቱ በረደ፤ ውሃው በሐዲዱ በኩል መውረጃውን አገኘ። ግድግዳው ቆሞ ቀረ፤ ሰው አልሞተም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደርሱ ጣቶቼን ከቀሚሷ ያላቀቁት አንድ በአንድ እየፈቱ ነው።

ለዚህ ሁሉ ዱዱኻናን «ንብረት በመስበርና አገልግሎት በማቋረጥ» ከሥራ ስላባረሩልን፣ በሳምንቱም መዝጊያውን በአዲስ ሰሌዳ መልሰው ስለሸፈኑልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወደ አራተኛው አልሄድም፤ ይህ ይበቃኛል።

እኔ አሁን በአውቶቡስ ነው የምሄደው። የእህቴ ልጅ ግን በየጠዋቱ በዚያ ጣቢያ ታልፋለች፤ «ደረስኩ» ብላ እስክትደውል ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ እቀመጣለሁ። ክቡር ሆይ፣ ሴትዮዋን ወደ ሥራዋ ይመልሷት። መዝጊያውንም ይክፈቱት። ይኸውና፣ ያለ ፌዝ ለመንኩዎት፤ ፈርቻለሁ።

በፕላስቲክዎ ጥላ ሥር በሰላም እንድኖር የተፈቀደልኝ፣ የከፍተኛ አክብሮቴ ባለዕዳ፣
ናዚብሮላ ጉርጌኒዜ፣ ድንጋይ ፈላጭ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ላደርስ ቢሮዎ ስመጣ ጸሐፊዎ ክቡርነትዎ በምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍረው እንደማያውቁ በኩራት ነገረችኝ። ከኮሚቴው ውሳኔዎች ሁሉ ምክንያቱ ወዲያው የገባኝ ይህኛው ብቻ ነው።