ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሰው

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ለውዱ ባለቤቴ፣

እንዴት ከርመሃል? ወንድምህ ቤት ተመችቶሃል ወይ? ጉንፋኑስ ለቀቀህ? እኔ ደህና ነኝ። ስፌቱ አልጠፋም፤ ማሽንህንም ዘይት እቀባዋለሁ። ሰው ሲጠፋ ከእሱ ጋር አወራለሁ፤ እሱም እንዳንተ ነው፣ ካልነኩት ድምፅ አይሰጥም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ ልጃችን ገዳይ የተሠራውን ፊልም አይተህ፣ «እንዲህ ያለ መልከ መልካም፣ አንደበቱ ማር የሆነ ሰው ማንን አያታልልም? አታለላት፣ ምን ታድርግ» ብለሃል። ስታነብልኝ የምሰማህ ያህል ነው፤ ትንሽ ቀሎሃል። እንዲቀልህማ ስለት ተስዬ ነበር። ግን አላስቻለኝም፣ ሄጄ አየሁት።

ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሏል። ፊልሙ ላይ ገዳዩ በቀለደ ቁጥር ሰው ይስቃል። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ለጓደኛዋ «እኔስ ቢገድለኝም ግድ የለኝም፣ ዓይኑን እዪውማ» አለቻት። የልጃችን እኩያ ናት። የእኛዋ እዚያ ውስጥ ስም እንኳ የላትም። በር ትከፍታለች፣ ዓይኑን አይታ ትሽኮረመማለች፣ በቃ። ለእሱ ግን ልጅነቱም፣ እናቱም፣ የሚወደው ሙዚቃም ተሰጥቶታል።

አንተ ያኔ ፍርድ ቤት መግባት አቅቶህ በረንዳው ላይ ቀረህ። እኔ ግን ሰውዬውን ራሱን አይቼዋለሁ። ጥፍሩን የሚበላ፣ ዳኛው ሲጠይቁት ሁለት ቃል ማገጣጠም የሚያቅተው ሰው ነው። መንገድ ላይ ብታገኘው ዞር ብለህ አታየውም። ያን ቀን እኛ ጨርቅ ልንገዛ ወጥተናል፤ እሱ «ሱሪ ላሳጥር ነው» ብሎ አንኳኳ። እሷንም «ደንበኛ ደጅ አይቆምም» እያልክ ነው ያሳደግካት፤ «ግባ» አለችው። ጨዋ ስለነበረች ነው እንጂ ዓይኑ አማልሏት አይደለም። ይህን ስሟን ማንም እንዲወስድባት አልፈልግም፣ አንተም ብትሆን።

ከቤት የወጣኸው ያን ቃል ያስተማርኳት እኔ ነኝ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ለእኔ አልነገርከኝም፣ በእንቅልፍህ ስትለፈልፈው ግን ሰምቻለሁ። ዝም ያልኩት የምትነግረኝ መስሎኝ ነው።

ወንድምህንና ልጆቹን ሳምልኝ። አምላክ ጤናህን ይጠብቅልኝ፣ ጉልበትህን ያበርታልኝ። ቤቱ ለአንድ ሰው ሰፊ ነው፤ ና። የፊልሙን ውሸት እዚያው ተወውና የእኔን ቃል ያዝ፤ ያን ቀን ቤት የነበርኩት እኔ ብሆን፣ ሱሪውን ተቀብዬ ወንበር እሰጠው ነበር።

ሚስትህ