የክፍል ሁለት ጠላት

ማክሰኞ፣ የካቲት 13 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም

የቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ወገቤን ጨረሰው፤ ሁለተኛ አልቀመጥበትም። ለሰው ሁሉ እንዲህ እያልኩ ዋልኩ። እውነቱ ግን ወገቤ አይደለም።

ትናንት የሚበርረው ጀግና ፊልም እንዳለቀ ክርክር ተነሳ። ክፍል ሁለት እየተሠራ ነው አሉ፤ አክተሩን የሚገጥመውን ጠላት ማን ይሠራዋል? አንዱ "ያ መላጣው ግዙፍ ነው" አለ። ሌላው "ወላሂ የድሮው አልሞተም፣ ራሱ ይመለሳል" ብሎ ማለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ጋዜጣ ስለማነብ የማላውቀው ያለ አይመስላቸውም።

"የአሁኑ ጠላት ፊቱ ግማሹ የተቃጠለ ነው" አልኩ ከራሴ ፈጥሬ። "ታዲያ ፍለጋ ምን አደከማቸው? የእኛዋ ዘምዘም አለች፤ ሜካፕ እንኳ አትፈልግም!"

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። የእህቴ ልጅ ዘምዘም ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ የፈላ ዘይት ፊቷ ላይ ከተደፋ ወዲህ፣ ጉንጯን ሳትሸፍን ሰው መሃል ስትቀመጥ ትናንት የመጀመሪያዋ ነው። "ማን ያይሻል? ሁሉም የሚያየው ፊልሙን ነው" ብዬ የወሰድኳት እኔው ነኝ። አብራን ሳቀች። ስንወጣ ግን ሻሿን እስከ ዓይኗ ጎትታው ነበር።

ዛሬ ሦስት ጊዜ እስከ እህቴ ደጃፍ ሄጄ ተመለስኩ። ለቀልድ የማይሰንፈው አፌ "አፉ በይኝ" ማለት አቃተው።

በሩ ተንኳኳ። "ማነው?" አልኩ።

"ይክፈቱ አጎቴ፤ የክፍል ሁለቱ ጠላት ነኝ።"

ትሳቅ ታልቅስ ከድምጿ መለየት አልቻልኩም። ልክፈት።