የጋሽ ተካ መውጫ ወረቀት

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ወጣቱን ዶክተር እምቢ አልኩት። በሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆኜ ስድስት ዓመት ስሠራ እንዲህ ፊት ለፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ ተኝተው ሲታከሙ የቆዩት የጋሽ ተካ ነው። እግራቸው ድኗል፤ መሄጃ ግን የላቸውም። ካዛንቺስ የተከራዩት ቤት ፈርሷል፤ ጎረቤቱም ተበትኗል።

"አልጋ የሚጠብቅ በሽተኛ አለ። ዘመድ ተረክቧቸዋል ብለሽ ፈርሚ በቃ" አለኝ ዶክተሩ።

"ያልሆነውን አልፈርምም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጠኝ።"

ተናደደ፤ ግን ሰጠኝ።

ጋሽ ተካን ስጠይቃቸው የድሮ ጎረቤታቸው እትዬ ዘይነባ ላንቻ ሱቅ እንደከፈቱ ነገሩኝ። ታክሲ ይዤ ሄድኩ፤ ሰው እየጠየቅኩ አገኘኋቸው። የጋሽ ተካን ስም ስጠራ እትዬ ዘይነባ ብድግ አሉ።

"ተካ አለ እንዴ? ሞቷል ተብለን አልቅሰናል እኮ!"

የመጣሁበትን ነግሬ ሳልጨርስ ሱቁን ቆለፉ።

አብረን ሆስፒታል ስንደርስ ጋሽ ተካ አዩዋቸውና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። "ሸክም አልሆንም" አሉ።

"ማን ጠየቀህ? ተነስ!" እትዬ ዘይነባ ጎንበስ ብለው ጫማ ያደርጉላቸው ጀመር። ጋሽ ተካ እግራቸውን ዘረጉላቸው።

ወረቀቱ ላይ "የተረካቢ ዝምድና" የሚል ቦታ አለ።

"እህቱ ናት ብለሽ ጻፊ" አሉኝ እትዬ ዘይነባ።

"ጎረቤት" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ዶክተሩ አነበበው፤ ቀና ብሎ እትዬ ዘይነባን አያቸው፤ ማኅተሙን መታ።

የእትዬ ዘይነባ ቤት አንድ ክፍል ነው። ሁለቱም ግትር ናቸው። እሁድ ሄጄ አያቸዋለሁ።