አልጋነሽ ያጠበችው ዘር

ይድረስ እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእታለም አበቡ፤

ቆላው እንዴት ይዞሻል? የጉልበትሽ ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ደመና ባየ ቁጥር ይነሳብሻል? ባለቤትሽ አያ ጀንበሬስ ሳሉ ተሻለው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ጅቡቲም በዚህ ወር ለሰው ታዝናለች፤ ሙቀቱ ረገብ ብሏል።

«ዶማ እንዳትጨብጥ ብዬ ባስተምርህ በረሃ አቋርጠህ ዶማ ጨበጥህ?» ብለሽ የላክሽብኝን አልረሳሁም። እንግዲህ ቁጭ በይና ስሚኝ፤ የምታፍሪበት ወንድም የለሽም።

እንደምታውቂው ቡላኦስ ባለው የትራንዚት ቢሮ የጭነት ወረቀት ስሞላ ነው የምውለው። በእፅዋት ሳይንስ ተመርቆ ማኅተም መምታት ቢያንገበግበኝ፣ አምቡሊ ወንዝ ዳር የአትክልት ቦታ ያላቸውን ወይዘሮ ጀዋሪያን ለምኜ አንዲት ጠባብ መሬት ተቀበልኩ። በተሰባበረ ሶማሊኛዬ የላም አተር፣ እነሱ ዲጊር የሚሉትን፣ እዘራለሁ ብላቸው፣ «ዲጊርማ ከናንተ አገር በጆንያ ይመጣል። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አይሃለሁ፤ ካላማረ ለፍየሎቼ ሣር እተክልበታለሁ» አሉኝ። ያቺ መሬት ከሄደች እኔም ከማኅተሙ ጋር ማርጀቴ ነበር።

መሬቱ ጨው አለበት። አርብ አርብ በዶማ ገለበጥኩት፣ ጓሉን ሰበርኩ፣ ያደረ ፍግ ደባለቅኩበት፣ ጨዉን ወደ ታች እንዲወስደው ሁለት ጊዜ በውኃ አጥለቀለቅኩት። መደብ ካወጣሁ በኋላ የዘሩን ጉድጓድ ከመደቡ አናት ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ ስምስ ጀዋሪያ አይተው፣ «ተማሪው አናቱ ጋ መድረስ አቃተው» ብለው ሳቁብኝ። ጨው የሚወጣው ወደ አናት መሆኑን ለማስረዳት ሶማሊኛዬ አልበቃኝም፤ ቁፋሮዬን ቀጠልኩ።

የጭነት መኪና ሹፌሩ ባንቲሁን በአመድ ያስቀመጥሽውን ዘርና የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ የላከልኝን ሕያው ማዳበሪያ አመጣልኝ። በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ያሉበት ጥቁር ዱቄት ነው፤ ሙቀትና ፀሐይ ይገድሏቸዋል። በበረዶ ሣጥን ይዞት መጥቶ፣ «ለሚስቴ ቅቤ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቄ አድርሼ አላውቅ» እያለ አስረከበኝ። ነቀዝ የነካውን ዘር ለቅሜ አወጣሁ፤ ደህናውን በስኳር ውኃ አርጥቤ በዱቄቱ ለወስኩና ካርቲየ 4 ሰፈር ካለው ቤታችን ጥላ ሥር በሁለት ሰፌድ አስቀመጥኩት።

ወጣ ብዬ ስመለስ አልጋነሽ፣ ያቺ ሰው ቤት ተቀጥራ የእረፍት ቀኗን እኛ ዘንድ የምታሳልፈው ያገራችን ልጅ፣ የአንዱን ሰፌድ ዘር አጥባ አጥባ ቆርቆሮው ላይ አስጥታዋለች! «ከሰል ተደፍቶበት ነው ያጠብኩልህ። ደግሞ እህል ፀሐይ ሳይመታው ይዘራል እንዴ፣ የተማርክ!» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ዱቄቱ አልቋል። ግን በእረፍት ቀኗ ልታግዘኝ ብላ ነው፣ ምን እላታለሁ? የታጠበውን በአትክልት ቦታው ግንብ በኩል ሁለት መስመር፣ ያልታጠበውን በቀረው መሬት ላይ በዚያው ቀን ዘራሁ።

ቀኑ ደርሶ ጀዋሪያ ሲመጡ የግንቡ በኩል ገርጥቶ ቆሟል፤ የቀረው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ጉልበቴን አልፏል። አንዱን ብነቅል ሥሩ ላይ እንደ ማሽላ ፍሬ ያበጠውን አይተው፣ «ይሄማ በሽተኛ ነው!» ብለው ደነገጡ። እባጩን በጥፍሬ ከፍዬ ውስጡ መቅላቱን አሳየኋቸው፤ ዱቄቱ የተክሉን ምግብ የሚሠራው እዚያ ውስጥ ነው አልኳቸው። ከግንቡ በኩል ስነቅል ሥሩ ባዶ። ሁለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አስተያዩና፣ «በኛ አገር የሚከሳው በሽተኛው ነው፤ ያንተ ግን ጤነኛው ከስቷል» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እታለም፣ የታችኛውን መሬት በሙሉ ሰጡኝ! ፍየሎቹ ሣራቸውን ሌላ ቦታ ይፈልጉ። አልጋነሽ ደግሞ፣ «እኔ ባላጥበው ማን ያምንህ ነበር?» እያለች ትኩራራብኛለች። እውነቷን ነው።

ለበልጉ ባንቲሁን ዱቄቱን ያመጣልሻል። ጥላ ላይ ለውሰሽ በዚያው ቀን ዝሪው። ጎረቤት ይስቅ ይሆናል፣ ተይው። በመንገዱ በኩል ሁለት ትልም ብቻ ያለ ዱቄት ዝሪ፤ ሲያልፉ ሲያገድሙ ራሳቸው ያነጻጽሩ።

አያ ጀንበሬን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ልጅሽን ኪዳንን ግንባሩን ሳሚልኝ። እኅቱ የምስራች ይህን ደብዳቤ ሳትደነቃቀፍ ካነበበችልሽ፣ አጎትሽ ኮርቶብሻል በያት።

ወንድምሽ ዮሳዲቅ
ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4
ጥር 9 ቀን 2006 ዓ.ም.