መርዶህ ሳይደርሰኝ ያጠብኩት ደረጃ

ልጄ ዮናስ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። መርዶህ የደረሰኝ ቅዳሜ ማለዳ ነው። እዚህ ስዊድን፣ ሶለንቱና፣ ቤቴ በር ላይ የእድራችን ሽማግሌዎች ጥቁር ለብሰው ቆመዋል፤ እህትህ ሰላም ከኋላቸው ናት። በሩን ስከፍት ልብሳቸውን አይቼ ገባኝ።

አንድ ነገር ግን ኋላ ነው የሰማሁት። ሶደርተልየ ከተማ ሥራ ላይ ሳለህ ልብህ በድንገት የቆመው ዓርብ ጠዋት ነበር። ለሰላም ወዲያው ተደወለላት። እሷ ለሽማግሌዎቹ ነገረች፤ እነሱም እንደ አገራችን ወግ፣ እናት ሥራ ቦታ ብቻዋን ሆና መርዶ አይነገራትም፣ ነገ በማለዳ እንሄዳለን አሉ። እኔ ያን ቀን ሙሉ የምሠራበትን ትምህርት ቤት ሳጸዳ ዋልኩ። አንተ ሞተህ እኔ ደረጃ አጥብ ነበር።

ያን ደረጃ ታውቀዋለህ። ተማሪ ሳለህ ሥራዬን እስክጨርስ የምትጠብቀኝ እዚያ ተቀምጠህ ነበር። ድንጋዩ ላይ ያለውን ረጅም ሹል ነገር እድፍ መስሎኝ በሽቦ ስፈገፍገው አይተህ ሳቅክብኝ። ድሮ ባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ፣ ድንጋይ ሆኖ የቀረ እንስሳ ነው አልከኝ። ስንት ጊዜ ታግዬዋለሁ! ለሌላው ነገር በስዊድንኛ ነበር የምትመልስልኝ፤ ስለዚያ ሕንፃ ግን አማርኛ እየፈለግክ ትነግረኝ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ለድሃ ልጆች በቀይ ጡብ መሠራቱን፤ መስኮቶቹ እንዲያ የረዘሙት ብርሃንና ንጹሕ አየር ለልጆቹ ሳንባ ይበጃል ተብሎ መሆኑን፤ በሁለቱ በሮች ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ወንዱ በዚህ፣ ሴቷ በዚያ ይግቡ እንደሚል፤ ባልዲዬን የማስቀምጥበት ምድር ቤት ልጆቹ ገላቸውን ይታጠቡበት እንደነበር። እማዬ፣ በዕድሜ ይበልጥሻል፣ አንቱ በይው ትለኝ ነበር። አድገህ የአሮጌ ቤት መስኮት የምትጠግን አናጢ የሆንከው ከዚያ የተነሣ ይመስለኛል።

አሁን ሕንፃው ለእድሳት ተዘግቷል። መስኮቶቹ ወጥተው ክፍተቱ በላስቲክ ተሸፍኗል። እኔን ሌላ ቦታ መድበውኛል። የሥራ ባልደረቦችህ የመሣሪያ ሣጥንህን ወደ ቤቴ አመጡልኝ፤ አልከፈትኩትም።

ሰላም በየቀኑ ትደውላለች፤ አላነሳም። ገላህ ሳይቀዘቅዝ ግንባርህን መሳም ይገባኝ ነበር። ክፋት እንዳላሰቡ አውቃለሁ። አገር ቤት ሳለሁ እኔም የጎረቤቴን ልጅ ሞት ሰምቼ፣ መርዶው በማግስቱ ይነገራት ስለተባለ፣ አብሬያት ስስቅ ውያለሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ያቺ ሴት ከዚያ በኋላ ዓይኔን ለምን ማየት እንዳልቻለች የገባኝ ዘንድሮ ነው።

እጄ ለጽሑፍ ቀርፋፋ ስለሆነ ይህ ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስጨርስ ለሰላም እደውላለሁ። ምን እንደምላት አላውቅም። ግን የቀረችኝ እሷ ናት፤ አንተንም ከኔ ሌላ በልጅነትህ የምታውቅህ እሷ ብቻ ናት። እኔ በሕይወት እስካለሁ ስምህ ከአፌ አይጠፋም።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ የክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነው። ስትጸልዩ በዚህ ስም አስቡት። እናቱ ሳትሰናበተው ሄዷልና፣ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር በሉልኝ።