የአዳራሹ ሁለት ምሰሶዎች

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1975
ሊቀመንበሩ ሱቄ ድረስ መጣ። የቀበሌው አሮጌ አዳራሽ መሐል ያሉት ሁለት ምሰሶዎች መድረኩን ስለሚጋርዱ ለአብዮት በዓል ይነሱ ተብሏል። ለማስተካከያው ጣውላና ሚስማሩ ከእኔ ነው። ጥሩ ሽያጭ። ግን ልጄ ራህማ በዚያ ጣሪያ ሥር ከቀበሌው ኪነት ቡድን ጋር ትዘፍናለች። ሳላይ አልሸጥም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 25
ከኦቦ ደበላ ጋር አዳራሹን ዞርነው። አዳራሹ ሲሠራ ከአናጢዎቹ አንዱ ነበሩ። የታሰበው ለእህል ገበያ ነው፤ ጋሪ በአንዱ በር ገብቶ በፊት ለፊቱ እንዲወጣ። ዛሬ ስብሰባው፣ ሰርጉ፣ ቦክሱ፣ ፊልሙ እዚያው ነው። መድረኩ በኋላ ተጨምሮ አንዱን በር ደፍኖታል። ምሰሶዎቹ ጥድ ናቸው፤ ባቅፋቸው እጆቼ አልተገናኙም። የጣሪያው ክብደት ሁሉ እነሱ ላይ ያርፋል።
"ቢነሱስ?" አልኳቸው።
"ጣሪያው እስከ መጀመሪያው በረዶ ይቆማል። አንተ ንገረው፤ እኔንማ አድኃሪ ብሎኛል።"

ሐሙስ፣ ነሐሴ 26
አልነገርኩትም። "አይሆንም" የሚለውን ሰው ማን ይወዳል? የእኔም ሱቅ መሐል ምሰሶ አለ። ስገባበት ዕቃዬን ጋርዶብኝ ነበር። ምሰሶውን አልነቀልኩም፤ ባንኮኒውን አዞርኩ።
ከሰዓት በኋላ አዳራሹን በሲባጎ ለካሁ። ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 28
ሊቀመንበሩን አዳራሹ ወሰድኩት። መድረኩ ወደ ረጅሙ ግድግዳ ቢዞር ምሰሶዎቹ ግራና ቀኝ ይቀራሉ፣ የተደፈነው በርም ይከፈታል፣ ሕዝቡም እርስዎን በቅርብ ያያል አልኩት።
"ከድር፣ ነጋዴ ሆነህ የራስህን ሽያጭ ታሳንሳለህ?"
"መድረክም ጣውላ ይፈልጋል፣ ጓድ።"
ሳቀ። ላስብበት ብሎ ሄደ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 30
በስብሰባው ላይ "አንድ ሐሳብ መጥቶልኛል" ብሎ ስለ መድረኩ ተናገረ። ኦቦ ደበላ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። አጨበጨብኩ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 2 ቀን 1976
አዳራሹ ጢም አለ። ራህማ ስትዘፍን በረዶ ወረደ። ደጅ የነበሩት በሁለቱም በር ገቡ። ከቆርቆሮው ጩኸት በቀር የሚሰማ የለም። ኦቦ ደበላ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነበር። እኔ ጀርባዬን ለምሰሶው ሰጥቼ፣ ይነቃነቅ እንደሆነ ጠበቅኩ። አልተነቃነቀም። በረዶው ሲያባራ ራህማ ካቆመችበት ቀጠለች።
ሊቀመንበሩ ሲወጣ ምሰሶዎቹን አየና "ለከርሞ ግን እነዚህን…" ብሎ ጀመረ።
"ቀይ ቀለም ገብቶልኛል" አልኩት ቶሎ ብዬ። "ቀብተን እናድምቃቸው።"
ምሰሶዎቹን እንደገና ቃኝቶ ወጣ። ቀለሙን ግን ለብቻ አስቀምጬዋለሁ።