ሰባት ቁልፍ ያለው ሸሚዝ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ። ጠዋት 12፡20

ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ነን። አባባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እኔ በሩን ተደግፌ አንቺ ላይ እጽፋለሁ፣ ደብተሬ። ባዶ እጄን ቆሜ ካየሁት ዘልዬ እቆልፍለታለሁ፤ ለዚያ ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ያዘዘው ይኼን ነው። ሸሚዙን ራሱ ይቆልፍ፣ በቀኝ እጁ፣ የፈጀውን ጊዜ ይፍጅ፣ አታግዢው። ስትሮኩ ከመታው ሦስት ወሩ። ዕድሜውን በሙሉ በርና መስኮት የሠራ የአናጺ እጅ አሁን ቁልፉን ሲያገኝ ቀዳዳውን ያጣል፣ ቀዳዳውን ሲያገኝ ቁልፉ ያመልጠዋል። ንግግርም የለም። ሁሉ ይገባዋል። አፉን ይከፍትና "እ... እ..." ብቻ።

12፡40። አምስተኛው። ወደማስተምርበት ት/ቤት የሚወስደኝ የዶዮገና ሚኒባስ ሞልቶ ይወጣል አሁን።

ከሰዓት 11፡00

ት/ቤት 2፡20 ገባሁ። አንደኛ ክ/ጊዜ ሒሳብ ነበረኝ፣ 5ኛ ለ። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ ደረስኩ። ር/መምህሩ የእጅ ሰዓቱን አየና ወደ ቢሮው ገባ። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ። ከሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን እናቶች መጡ፣ ጸለዩ። ሲወጡ አንዷ እጄን ይዛ እንዳንቺ ያለ ትዕግሥተኛ ልጅ ለሁሉም ይስጥ አለች። ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ አይደል? በጣም ደስ አለኝ።

ደሳለኝ ደወለ፣ ታናሽ ወንድሜ። አዲሎ ከተማ ሱቅ አለው፣ መኖሪያው ከሱቁ ጀርባ ነው። እንደ ሁልጊዜው አባባን ልውሰደው አለ። እኔ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነኝ፣ ሚስቴም አለች፣ አንቺ መንገድ ላይ አለቅሽ። እንደ ሁልጊዜው እኔም፦ አታስብ፣ እየቻልኩት ነው።

እየቻልኩት ነው?

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ። ከሰዓት 11፡30

ዝናብ። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ውሃ አልመጣም። አባባ የአጥሚቱን ኩባያ ደፋው፣ የቆለፈውን ሸሚዝ አውልቀን እንደገና ከአንድ ጀመርን። መሳቅ ሞከርኩ። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ጭቃ ውስጥ ቆሜ እስከ ሃምሳ ቆጠርኩ፣ ከዚያ እስከ መቶ።

ር/መምህሩ ዛሬ ተናገረ። በትህትና፤ ይኼ ነው የባሰው። አባትሽ መታመማቸውን እናውቃለን፣ ግን ልጆቹ ምን አጠፉ? አንድ ቀን ከደገምሽ በጽሑፍ ይሆናል። ልክ ነው።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ። ከሰዓት

እንዴት ልጻፈው።

ጠዋት 12፡35 ነበር። ሁለተኛው ቁልፍ ላይ። ሁለተኛው! ቀዳዳ ውስጥ ግማሹን አስገብቶ ለቀቀው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ፈገግ አለ። ፈገግታው ይቅርታ እንደመጠየቅ ነበር፤ አሁን ነው የገባኝ። ያን ጊዜ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። እጁን መትቼ ከሸሚዙ ላይ አነሳሁት። አዎ፣ መትቼ። ሰባቱንም ቁልፎች ራሴ እየጎተትኩ ቆለፍኳቸው። ጮህኩበትም፦

"ሆን ብለህ ነው! እኔን ከሥራ ልታስወጣ ነው!"

"እ..." አለ።

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ሚኒባሱ ላይ ደረስኩ። 1፡50 ት/ቤት ነበርኩ። ር/መምህሩ እጁን አውለበለበልኝ።

ጥቅምት 10፣ እሑድ። ጠዋት 3፡00

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። አባባ አልለብስም አለ። ማለት፣ ሸሚዙን አልጋው ላይ ዘርግቼለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ትናንትም እንዲሁ ነበር። ባለሙያው ለእጁ ልምምድ የሰጠውን ኳስም አይጨብጥም፣ ማንኪያም በግራው ብቻ። ለመንኩት። ወደ ግድግዳው ዞረ።

ቀን ቀን የምትጠብቅልኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ቆጮ ይዛ መጣች። ሸሚዙን አየች፣ እሱን አየች። ግቢ ውስጥ ጠራችኝ።

"ዓርብ ጩኸትሽን ሰምቻለሁ" አለችኝ።

"ረፍዶብኝ ነው፣ እትዬ።"

"ሁሌም ይረፍድብሻል። ከሥራ ስትመለሺ ደህና ነሽ፤ አጠገባቸው ትቀመጫለሽ፣ ታጫውቻቸዋለሽ። ጠዋት ግን ሰዓትሽን እንጂ አባትሽን አታዪም። ይኼን ሌላ ሰው አይነግርሽም፣ ሁሉም ሲያመሰግንሽ ነው የሚውለው።"

ተናደድኩባት። ቆጮውን ተቀብዬ በሩን ዘጋሁ።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ። ከሰዓት 10፡00

ቀጠሮው ዛሬ ነበር። ከት/ቤት ፈቃድ ወስጄ በባጃጅ ይዤው ሄድኩ። ባለሙያው ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋጋ፣ ፊቱ ተለወጠ። ባለፈው ከነበረበት ወደ ኋላ ተመልሷል፣ እየደረቀ ነው፣ ምን ተፈጠረ አለኝ።

ዋሸሁ። ሰልችቶት ነው፣ እምቢ ብሎኝ ነው አልኩ።

አባባ እዚያው ነበር፣ ከጎኔ። ዞሮ አየኝ። አፉን ከፈተ። "እ... እ... እ..." የአንገቱ ሥር እስኪገተር ታገለ። ባለሙያው ትከሻውን መታ መታ አደረገለትና አይዞዎት፣ ተስፋ አይቁረጡ አለው። አባባ አፉን ዘጋ።

መናገር በማይችል ሰው ላይ ዋሸሁ፣ ደብተሬ። አፍ የሌለው መሆኑን አውቄ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ። ጠዋት 12፡10

ትናንት ራት አልበላሁም። ዛሬ አልጋው ሥር ተንበርክኬ ይቅር በለኝ አልኩት፣ በሀዲይኛ፣ በልጅነቴ እንደማወራው። ዓይኑን ጨፈነ። ተኝቶ አልነበረም።

ከሰዓት 11፡00

በእረፍት ሰዓት ለደሳለኝ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፣ መምታቴን፣ መዋሸቴን። እንዲሰድበኝ ጠበቅኩ።

"ስንት ጊዜ ልውሰደው አልኩሽ?" አለ በመጨረሻ። "እኔ ልጁ አይደለሁም?"

ነህ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ያኔ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ማን ትዕግሥተኛ ይለኝ ነበር። ይኼን ግን አልነገርኩትም። ለአንቺ ብቻ።

ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያውም ደውዬ እውነቱን ነገርኩት። እጁ ገና አልረፈደበትም አለ፤ ጠዋት የማይቸኩል ሰው ይፈልጋል።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ። ከሰዓት 11፡40

ደሳለኝ ከሰዓት በኋላ መጣ። እኛ እንወስን ብዬ ነበር፣ እሱ ግን አይሆንም፣ አባባ ራሱ ይጠየቅ አለ። አልጋው አጠገብ ተቀመጠና ቀስ ብሎ ጠየቀው። አባባ፣ እኔ ጋ ትመጣለህ ወይስ እዚህ ትሆናለህ? ከመጣህ እጅህን አንሳ።

አባባ እጁን አላነሳም። ልቤ ዘለለ፣ እዚሁ ሊሆን ነው ብዬ።

አፉን ከፈተ። ጠበቅን። ደሳለኝ ትንፋሹን እንኳን ሳያሰማ ጠበቀ፤ እኔ ግን ቃሉን ልጨርስለት ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ በሀዲይኛ፣ አንድ ቃል፣ ጥርት ብሎ፦

"ልሂድ።"

ደሳለኝ ጮኸ፣ አቀፈው፣ አለቀሰ። እትዬ ዘይነባ ሰምታ ሮጣ መጣች። ሦስት ወር ሙሉ የጸለይንበት ቃል። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ጓሮ ወጣሁ።

አሁን ልብሱን እያጣጠፍኩ ነው። ነገ ጠዋት ይሄዳሉ፣ አልከለክልም። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ከት/ቤት በቀጥታ አዲሎ እሄዳለሁ፣ እሑድ እመለሳለሁ። ላያየኝ ይችላል። እንደገና ወደ ግድግዳው ሊዞር ይችላል።

ቢዞርም እሄዳለሁ።